የሐጃ ዘይነብ እፍኝ ሰሊጥ

በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የንግድ ሕግ ተለማማጅ ሆኜ ሱዳን፣ ገዳሪፍ የሄድኩት፣ ነጋዴዎች እንዴት እንደሚዋዋሉ ላጠና ነበር። ሰሊጥ ነጋዴዋን ሐጃ ዘይነብን እየጠየቅሁ፣ ጨርቅ ላይ ያገኘሁትን እፍኝ ሰሊጥ ቆርጥሜ ጨረስኩት። ለእንግዳ የቀረበ መስሎኝ ነው።

"የጽሑፍ ውል አላችሁ?" አልኳቸው።

"የበላሽው ናሙና ነበር ውላችን፣ ልጄ። ገዥው ጭነቱን ከሱ ጋር አስተያይቶ ነው የሚረከበኝ።"

ወዲያው ገዥው ገባና ባዶውን ጨርቅ አየ።

"ናሙናውስ?"

"እኔ በላሁት" አሉ ሐጃ ፈጠን ብለው።

"ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ሐጃ። ሰኞና ሐሙስ ይጾሙ የለም እንዴ?"

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ።

"ጣፈጠሽ?"

"አንድ ፍሬ አላስቀረሁም" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"በሉ ጫኑ!" ብሎ ውጭ ያሉትን ጫኞች ተጣራ።