የድምፅ ማጉያው ወንፊት

አባቴ ከሰቆጣ ከተማ በላይ፣ አፋፉ ላይ ባለችው ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው። እኔ ደግሞ እታች ገበያው አጠገብ፣ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ እጠግናለሁ። በዐቢይ ጾም፣ አንድ ሰኞ ጠዋት አባቴ ወደ ሱቃችን መጡና ሳይቀመጡ፣

«ያ ጡሩንባሽ ታፍኗል» አሉኝ። «ድምፁ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ሕዝቡ ጉርምርምታ ነው የሚሰማው።»

ጡሩንባ የሚሉት ደወል ቤቱ ላይ የሰቀልኩትን ድምፅ ማጉያ ነው። ጾም ስለሆነ ከበሮና ጸናጽል የለም፤ የሚሰማው የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ነገሩ ከነከነኝና በዚያው ቀን ወጥቼ አወረድኩት።

ከጡሩንባው ኋላ ድምፁን የሚያወጣ ክብ ዕቃ አለ፤ እኛ ድራይቨር እንለዋለን። ውስጡ ከወረቀት የሳሳች ሽፋን ትርገበገባለች። አፉ ላይ ደግሞ አቧራና ነፍሳት እንዳይገቡባት ስስ የብረት ወንፊት ተገጥሟል። ስፈታው ወንፊቱ ግማሹ በአቧራ ተደፍኗል። በለስላሳ ብሩሽ ጠርጌ መልሼ ሰቀልኩት። ዲያቆኑ ማይኩን ይዞ ሲናገር፣ ከመንገዱ ዳር ቆሜ አዳመጥኩ። ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ወረድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ስብከታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ግን፣ «ያው ነው፤ ምንም አልሠራሽም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አጣሁ። የሰው ሬዲዮ ከፍቼ ሐሳቤ ደወል ቤቱ ላይ ነው። ባልደረባዬ መቁነጥነጤን አይቶ፣

«ወንፊቱን አውጪውና ተገላገይ» አለኝ። «እኔ ለሰርግ የማከራያቸው አንዱም ወንፊት የለውም። ድምፁን እኮ ነው የሚይዘው።»

«ያንተ ከሰርጉ መልስ ቤት ይገባል። ይሄ ዓመቱን ሙሉ ነፋስ ላይ ነው። አንዲት የብረት ብናኝ ብትገባ ሽፋኗን ትቀድዳታለች።»

«ስትቀደድ እንቀይራታለን።»

«ከየት አምጥተን?»

መለዋወጫ እዚህ አይገኝም፤ መንገድ ሲዘጋማ ምን እንደምንሆን ሁለታችንም እናውቃለን። እኔ ግን አልረጋሁም። ሌላ አሮጌ ድራይቨር አውጥቼ ወንፊቱን ፈታሁና አዳመጥኩ፣ መልሼ ገጠምኩና አዳመጥኩ። ያለ ወንፊት ትንሽ ይጠራል፤ ትንሽ ብቻ። ለዚህች ትንሽ ነገር ዕቃውን ለአቧራ ማጋለጥ ደግ አልመሰለኝም። በሳምንቱ መጨረሻ አባቴ ተመልሰው መጥተው፣ «እንደው የእኔን ቃል ሕዝቡ እንዳይሰማው ነው የምትፈልጊው?» ሲሉኝ ግን አንጀቴ አልቻለም። ቅዳሜ ከሰዓት ወጥቼ ወንፊቱን አነሳሁት፤ ድምፁም እንዲጠራ ብዬ ውስጥ ባለው የድምፅ መቆጣጠሪያ ሣጥን ላይ ቀጭኑን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

እሑድ ስብከቱ ሲጀመር ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ሰ እና ጸ ባለበት ቃል ሁሉ ፉጨት ይወጣል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ጆሯቸው ላይ ሳቡ። አንዲት አሮጊት ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጄ፣ ምን አደረግሽው? ጆሮዬን በሳኝ እኮ!» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

አባቴ ወጡና ገና ሳይደርሱብኝ፣ «አሁንም ታፍኗል» አሉ።

ደነገጥኩ። አብረን ቁልቁለቱን ስንወርድ ጥቂት ወደ ኋላ ቀረሁና፣ «አባቴ፣ መቋሚያዎን ረስተዋል» አልኳቸው። መንገዳቸውን ቀጠሉ። ደገምኩት፤ አልዞሩም። ሮጬ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ስናገር ግን አፌን አፌን እያዩ፣ «ውይ፣ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ትቼው ነው» አሉ።

«አባቴ» አልኩ፣ «ጡሩንባው ደኅና ነው።»

«ታዲያ ምኑ ነው የታመመው?»

«ጆሮዎ ይመስለኛል።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። በኽምጣና የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ሲከፋቸው ወደ እናታቸው ቋንቋ ይሄዳሉ። ትተውኝ መቋሚያቸውን ሊያመጡ ተመለሱ። እኔም ተከትዬ ወጥቼ፣ በዚያው ወንፊቱን ወደ ቦታው መለስኩ። የጨመርኩትን ቀጭን ድምፅም ወደ ነበረበት ዝቅ አደረግኩት።

ከዚያ በኋላ ወደ ሱቁ አልመጡም። ቤት ስሄድም ያነባሉ፣ ቀና አይሉም። ባልናገር ይሻል ነበር እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። ዕድሜ ልካቸውን ዜማ በጆሮ ሲያርሙ ለኖሩ ሰው ይህን መናገር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

ሆሣዕና ሲቃረብ የሱቁ በር ላይ ቆመው አየኋቸው።

«የት ነው ይሄ የሚታየው?» አሉ።

ሆስፒታል አብረን ሄድን። ሐኪሙ መርምሮ፣ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ከጆሯቸው መሄዳቸውን፣ ይህም ከዕድሜ እንደሚመጣ ነገራቸው። የሚረዳ መሣሪያ አለ፤ ግን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መሄድ ያስፈልጋል። ስንመለስ መንገድ ላይ፣

«ያን ‹አሁንም ታፍኗል› ያልኩሽ ዕለት ሕዝቡ ሳቀብኝ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ማን ይስቃል? ሁሉም ጆሮውን ይዞ ነበር እንጂ።»

ቆም ብለው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ደቀ መዛሙርቱን ፊት ለፊታቸው አቅርበው ያስተምራሉ፤ አንዱ ቢያጉተመትም፣ «አፍህን ክፈት!» ይሉታል። ስለ ጡሩንባው ዲያቆኑን ይጠይቃሉ፣ እኔን አይወቅሱኝም።

ባሕር ዳር ለመሄድ ግን ዛሬ ነገ እያልን ነው። አንዴ መንገዱ፣ አንዴ በዓሉ። እኔ ግን እሑድ ስብከቱ ሲጀመር አሁንም አንድ ቦታ መቆም አልችልም፤ ከዛፉ ሥር ወደ አጥሩ፣ ከአጥሩ ወደ በሩ እየተመላለስኩ ቃሉ ይለይ እንደሆነ አዳምጣለሁ።