ቀጣዩ ደረጃ ያጠራዋል

ከባሕር ዳር በወጣሁበት ምሽት፣ ሻንጣዬ ተቆልፎ ባጃጅ ስንጠብቅ፣ አባቴ ሀምቡርግ ድረስ የሚያስኬደኝን ሙያ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣና ዳር ጀልባ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ያላዩትን ሥራ አያምኑም።

ላፕቶፑን ከፈትሁላቸው። ሥራዬ አንዱ ምስል እንደ ጠብታ ቀልጦ ወደ ሌላው እንዲሸጋገር ማድረግ ነው። መጀመሪያ ሁለት ክቦችን አደበዝዛለሁ፤ ቀጥሎ ጠርዛቸውን አጠራለሁ፤ ያን ጊዜ ሲቀራረቡ ይሳሳቡና እንደ ውሃ ይዋሃዳሉ። የደበዘዙትን ክቦች አሳየኋቸው።

«እኔስ አንቺንም እንዲህ ነው የማይሽ» አሉ።

«ይቆዩ አባ፣ ቀጣዩ ደረጃ ያጠራዋል።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዲግሪ ይዤ፣ ከአጠገባቸው ተቀምጬ፣ ስክሪኑን እንጂ ዓይናቸውን አላየሁም። ባጃጁ ጡሩንባውን ነፋ፤ ቀጣዩን ደረጃ ሳላሳያቸው ሄድሁ።

እዚህ ሀምቡርግ ሰማዩ ለወራት የአሮጌ ድስት ክዳን ነው። ዓሣው እሾኩ ወጥቶለት፣ ሽታውም ተወስዶለት፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል። አከራዬ አሮጊቷ ውሉን ከማስፈረማቸው በፊት ሥራዬን ጠየቁኝ።

«በኮምፒውተር ፈሳሽ እሠራለሁ።»

«የውሃ ሂሳብ ለብቻ ነው።»

«የእኔ ውሃ አያረጥብም።»

«ከአንቺ በፊት የነበረውም እንዲሁ ብሎኝ ነበር፤ የታችኛው ቤት ጣሪያ ግን ረጠበ።»

ፈረምሁ።

በሁለተኛው ዓመት እህቴ ዘቢባ ደወለች። አባ ሚስማር ሲመቱ ጣታቸውን ቢቀጠቅጡ ሐኪም ቤት ወስዳቸው ኖሯል። ሚስማሩን አላዩትም ነበር፤ ሕመሙ የዓይን ግፊት ነው። «ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ መደብዘዝ ሲጀምር ቢመጡ ኖሮ የቀረውን እናተርፍ ነበር አለ» አለችኝ። «ለምን አልተናገሩም ብንላቸው፣ ‹ለማንም አልነገርሁም› አሉ።»

ለእኔ ነግረውኝ ነበር። ይህን ለዘቢባ እስከ ዛሬ አልነገርኋትም።

ባለፈው ዓርብ አባ ከጁምዓ ሲመለሱ በቪዲዮ ደወልሁ።

«ያ ክብሽ ከምን ደረሰ?» አሉ። «መጨረሻውን ሳላይ ሄድሽ እኮ። በቃል ንገሪኝ።»

ክቦቹን ስክሪኑ ላይ አወጣሁ። አደበዘዝኋቸው፤ ጠርዛቸውን አጠራሁ። ሲቀራረቡ፣ ሲነካኩ፣ አንድ ሲሆኑ እያየሁ ነገርኋቸው።

«ጠራ?»

«ጠራ፣ አባ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነበር።

ስልኩን በአንድ እጃቸው እንደያዙ፣ ለዘቢባ ሊያቀብሉ ሌላውን እጃቸውን ዘረጉ። እሷ በሌላ ጎናቸው ቆማለች። እጃቸው አየሩን ሲዳስስ አየሁ፤ ያን ቀን ኔትወርኩ ደኅና ስለ ነበር ምስሉ ጥርት ያለ ነበር።