ለጋሽ ኑዕማን የሰጠነው አምስት

ጠዋት ልጆቻችሁን ልታደርሱ ስትገቡ አንድ ጊዜ ቀና በሉና ከላይብረሪው በር በላይ ያለውን ኮርኒስ ተመልከቱ። ከዙሪያቸው ካሉት ነጣ ያሉ አራት ሰሌዳዎች ታያላችሁ። የነጡት አዲስ ስለሆኑ ነው። አዲስ የሆኑት ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጣሪያው ስለሚያፈስ፣ አንድ ሰው የበሰበሰውን እያወጣ ሌላ ሲተካበት ስለኖረ ነው። ያ ሰው ጋሽ ኑዕማን ነበሩ። አሁን እዚያ የሉም። እንዲሄዱ ያደረግናቸውም እኛው ነን፣ የምንወዳቸው።

የትምህርት ቤቱንም የትምህርት ቦርዱንም ስም አልጽፍም። ፈርቼ አይደለም፤ ጋሽ ኑዕማን ስለለመኑኝ ነው። አትላንታ ዙሪያ ልጅ የሚያሳድግ አበሻ ሁሉ የራሱን ትምህርት ቤት እያሰበ ያንብብ፤ ብዙ አይሳሳትም።

ጋሽ ኑዕማን የኮምቦልቻ ሰው ናቸው። እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ይጠግኑ ነበር። እዚህ እንደመጡ ስድስት ዓመት ታክሲ ነዱ፤ ከዚያ ትተውት የልጆቻችን ትምህርት ቤት ካስቶዲያን ሆኑ፣ ጽዳቱንም ጥገናውንም የሚይዝ። የታክሲ ጓደኞቻቸው መጥረጊያ ልትይዝ ነው ወይ እያሉ ሲስቁባቸው፣ "እናንተ የማታውቁትን ሰው ታመላልሳላችሁ፤ እኔ የማውቃቸውን ልጆች እጠብቃለሁ" አሏቸው ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ግን አነጋገሩ የእሳቸው ነው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቁ። ምድር ቤት ያለውን አሮጌ የማሞቂያ ቦይለር "አማቴ" ነበር የሚሉት። ስታጉረመርም ደህና ናት፣ ዝም ስትል ነው የምፈራት ይሉ ነበር። የየትኛው ልጅ ጃኬት የቱ እንደሆነ ያውቃሉ። ልጄ አንደኛ ክፍል እያለች ሦስት ጊዜ ጓንቷን ጥላ፣ ሦስቴም ቦርሳዋ ኪስ ውስጥ ተመልሶ አገኘሁት። ማን እንዳስገባው አልጠየቅኩም፤ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ያን በረዶ የወረደበትን ዓመት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። መንገዱ ተቆልፎ ስንቶቻችን መኪና ውስጥ ቀረን። ልጆቹም ትምህርት ቤት ቀሩ። እኔ 285 አውራ ጎዳና ላይ ቆሜ፣ ቤንዚኑ ሊያልቅ ደርሶ፣ እንደ እብድ ስደውል ስልኩን ያነሱት ጋሽ ኑዕማን ነበሩ። "አብሽር ወንድሜ፣ ልጅህ በልታ ጂም ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተኝታለች። አማቴም ዛሬ ጨዋ ሆናለች። አንተ ብቻ መኪናህን ጥለህ በእግርህ እንዳትመጣ" አሉኝ። በማግስቱ ስደርስ ልጄ ወደ ቤት አልሄድም አለችኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የአማርኛ ትምህርቱ ነበር። ክፍሎቹን ለመከራየት ኢንሹራንስ ያስፈልጋል ሲባል ተስፋ ቆርጠን ነበር። ርእሰ መምህሯን አግባብተው እንደ ወላጆች ክበብ እንድንቆጠር ያደረጉት እሳቸው ናቸው። በዕረፍት ቀናቸው መጥተው በሩን ይከፍታሉ፤ ሲያልቅ ይዘጋሉ። የጴንጤውም፣ የእስላሙም፣ የኦርቶዶክሱም ልጅ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ። ያንን ጊዜ ሳስበው ሆዴ ይባባል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እናደዳለሁ። የሚያናድደኝን አሁን እነግራችኋለሁ።

ጋሽ ኑዕማን ጡረታ ሊወጡ አራት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉን እዚያው፣ በዚያው በር ላይ አስረክበው መውጣት። ይህን ደጋግመው ነግረውናል።

በዚያ ዓመት የካቲት ውስጥ ከቦርዱ ሰርቬይ፣ ወላጅ የሚሞላው መጠይቅ፣ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ ተተርጉሞ ነበር። የራሳችንን ፊደል በማየታችን ደስ ብሎን ግማሾቻችን ምን እንደሚል እንኳ አላነበብንም። የሕንጻውን ሁኔታ ይጠይቃል፤ ጣሪያው፣ ማሞቂያው፣ መጸዳጃው፣ ንጽሕናው። ከአንድ እስከ አምስት ስጡ ይላል፤ አምስት ማለት በጣም ጥሩ ነው።

ቅዳሜ ልጆቹ ክፍል ከገቡ በኋላ ካፌቴሪያው ውስጥ ተሰበሰብን። ነገሩን የመራችው ርብቃ ናት። ርብቃ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ መዘምራን ታስተባብራለች፣ ሰው አሰልፋ ማስዘመር ትችልበታለች። ያን ቀንም አሰለፈችን። ጣሪያው መጥፎ ነው ብለን ብንጽፍ በማን ይመጣል? በጋሽ ኑዕማን። ሕንጻውን የሚጠብቀው ማነው ይባላል፣ ሰነፍ ይባላሉ። ስለዚህ ሁሉም ቦታ አምስት። ሁላችንም ልክ ናት አልን። ሰው እጅ ላይ ያለን ነገር ማንቋሸሽ ነውር ነው፤ እንዲህ ነው ያደግነው።

በዚህ መሃል ጋሽ ኑዕማን ባልዲ ይዘው ገቡ። ወረቀቱን አዩት።

"ጣሪያው ግን ያፈሳል እኮ" አሉ።

"ይፍሰስ" አለች ርብቃ። "ጋሼ፣ እርስዎን አልጠየቅንም። ባልዲዎን ይዘው ይሂዱ።"

ሰዉ ሳቀ። እሳቸውም አፈር ብለው ሳቁና ሄዱ። ስድሳ ሦስት ቤተሰብ ነበርን። ስድሳ ሦስታችንም አምስት ሰጠን። እኔም ሰጥቻለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን ለመረዳት ቦርዱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔ ኮሌጅ አልገባሁም። ዳውንታውን በምሠራበት ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጬ፣ መኪና በማይገባበት ሰዓት፣ የበጀት ሰነዱን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሁለት መቶ አሥራ አራት ገጽ ነው። ከባድ ነው፤ ግን ይነበባል፤ ሰበብ አትፍጠሩ። ነገሩ ሲጨመቅ ይኸው ነው፤ ቦርዱ በየዓመቱ ለትምህርት ቤቶቹ ብርና ሠራተኛ ያከፋፍላል፣ የትኛው ሕንጻ መጀመሪያ እንደሚጠገንም ይወስናል። ያለው አንድ ቋት ነው፤ ለአንዱ ሲጨመር ከሌላው ይቀነሳል። ማን ይቀነስበት የሚለውን ሲወስኑ ሰርቬዩን ያያሉ። ተበላሸብኝ ያለ ይጠገንለታል፤ ደህና ነኝ ያለ ይቆየው ይባላል።

እኛ ደህና ነን አልን። እንዲያውም ከሁሉም ትምህርት ቤት የበለጠ ደህና ሆነን ተገኘን። ሚያዝያ ላይ የመጪው ዓመት እቅድ ሲወጣ የእኛ ጣሪያ ከጥገናው ዝርዝር ወጥቷል። ሕንጻው ይህን ያህል ጥሩ ይዞታ ላይ ከሆነ አንድ ዋና ካስቶዲያን ለሁለት ትምህርት ቤት ይበቃል ተባለ፤ እሱም በሌላኛው ትምህርት ቤት ያለው ሰው ሆነ። ጋሽ ኑዕማን ወደ አንድ ሃይስኩል፣ የማታ ፈረቃ፣ ከቤታቸው አርባ ደቂቃ ርቆ፣ ተመደቡ።

ርብቃ ስትሰማ ደወለችልኝ። "እኔ ነኝ የገደልኳቸው" አለች። እኔም ገና ሂሪንግ አለ፣ እንሂድ አልኳት።

ሂሪንግ ማለት ቦርዱ በጀቱን ከማጽደቁ በፊት የሕዝብ አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ ነው። አርባ ሰው ሆነን ሄድን። ሽማግሌዎች ከፊት፣ እናቶች ነጠላ ለብሰው፣ ጋሽ ኑዕማን መሃላችን። እንደ ሽምግልና ነበር የመሰለን፤ ብዙ ሆነህ ትቀመጣለህ፣ ሰዎቹ ያዩሃል፣ ያከብሩሃል፣ ምን ልትሉ መጣችሁ ይሉሃል። ማንም አልጠየቀንም። ለመናገር የፈለገ ሰው የዚያን ቀን ከቀትር በፊት ኦንላይን ስሙን ማስመዝገብ ነበረበት። ከአርባችን ሳይን አፕ ያደረገችው ርብቃ ብቻ ነበረች። ሌሎቻችን ከአገር ቤት ይዘን የመጣነውን ትዕግሥት ይዘን ተቀመጥን። ትዕግሥት እንዴት እንደሚያስጠላኝ!

ሁለት ደቂቃ ነው የሚሰጡት። ርብቃ ቆመች። ወረቀት ጽፋ ነበር፤ አላነበበችውም። በእንግሊዝኛ የተናገረችው እንዲህ ነበር፤

"በሰርቬዩ ላይ ዋሽተናል። ጣሪያው ያፈሳል፣ ማሞቂያው ካለ እሳቸው አይሠራም። ያንን አምስት የሰጠነው ለሕንጻው አይደለም። ለሰውየው ነው።"

ከቦርዱ አባላት አንዷ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ሁለት ደቂቃው ማለቁን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ። ሰብሳቢው ስለ ሐቀኝነትዎ እናመሰግናለን አለ፤ መረጃው ግን ተሰብስቦ ተዘግቷል፣ ቀጣዩ ሰርቬይ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው አለና የሚቀጥለውን ስም ጠራ። በሁለተኛው ሳምንት በጀቱ ከሌሎች አሥራ ሰባት ጉዳዮች ጋር አንድ ላይ፣ ያለ አንድ ጥያቄ፣ ጸደቀ።

ቦርዱን ክፉ ናቸው እንድል ትጠብቁ ይሆናል። እነሱ የጻፍንላቸውን አነበቡ። አዎ፣ አንድ ሰው ልከው ጣሪያውን ማየት ይችሉ ነበር፤ ለዚህ አልምራቸውም። ግን እኛ ልጆቻችን በየቀኑ ከሥሩ የሚያልፉበትን ጣሪያ እያየን አምስት ያልን ሰዎች፣ ማንን ነው አታዩም የምንለው?

ያን ቀን ከሂሪንጉ ስንወጣ ፓርኪንግ ላይ ርብቃ ጋሽ ኑዕማን እግር ላይ ልትወድቅ ስትል በክንዷ ያዟት።

"ተይ ልጄ" አሏት። "እኔስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት እየደበቅኩባቸው ቦርዶቹ እንዴት ይወቁት? ሰሌዳ በቀየርኩ ቁጥር ሪፖርት ብጽፍ ኖሮ ጣሪያው ድሮ ተሠርቶ ነበር። እንዳይከፋቸው ብዬ ነው። ማን እንዳይከፋው እንደሆነ ግን ዛሬ ራሴን ብጠይቅ አጣሁት።"

የመጨረሻው የትምህርት ቀን ቁልፉን አስረከቡ፤ ለሚተካቸው ሰው እንኳ አይደለም፣ ለቢሮ ጸሐፊዋ፣ በፖስታ። ቅዳሜ የሚከፍት ስለጠፋ የአማርኛው ትምህርት ሐምሌ ላይ ቆመ። ርብቃ ራቅ ብሎ ስኔልቪል ቤት ገዝታ ሄደች። ያ ሁሉ ልጅ በየቤቱ ተበታትኖ እንግሊዝኛ ብቻ ይናገራል። ትንሹ ልጄ አንዳንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብሱን ለብሶ በር ላይ ይቆምና ትምህርቱ መቅረቱ ትዝ ሲለው ተመልሶ ይገባል።

ጋሽ ኑዕማን አሁን በማታው ፈረቃ ላይ ናቸው፤ ባዶ ኮሪደር ያጸዳሉ፣ አንድም ልጅ በስም አያውቁም። ባለፈው ሳገኛቸው ስለ ጤናቸው ጠየቅኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ። ወላሂ፣ እሱንም አላመንኳቸውም።

ዘንድሮ ሦስት ዓመቱ ሞልቷል። ወረቀቱ በዚህ ወር ይመጣል፤ በአማርኛ ይመጣል። የሚያፈሰውን ያፈሳል፣ የማይሞቀውን አይሞቅም ብላችሁ ጻፉ። የምትወዱት ሠራተኛ ካለ ከታች ባለው ባዶ ቦታ ስሙን ጽፋችሁ ለብቻው አመስግኑት። የበጀቱ ሂሪንግ ቀን ሲወጣ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ከመኪናችሁና ከነጠላችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ።