የዞሩት እንቁላሎች

ኦብዱሊያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የእንቁራሪት እንቁላል ስትጠብቅ ኖራለች። በቱኩማን ከተማ፣ የሸንኮራ እርሻ ጭስ ልብስ በሚያጠቁርበት ሰፈር፣ የምትሠራበትን የጥናት ቤት ምድር ቤት ክፍል ከገዛ ቤቷ አብልጣ ታውቃለች። ቤቷ መግባቷን የሚጠብቅ ሰው የለበትምና።

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ባለ ቀንዷን እንቁራሪት በግራ እጇ ጠፍንጋ ይዛ ነበር።

«ዶኛ ኦብዱሊያ፣ ጣትዎን! ከነከሰች ሰማይ ካላጉረመረመ አትለቅም አሉ» አላት የክፍሉ ወጣት ኃላፊ፣ ዶክተር ፋውስቲኖ።

«ትንከሰኛ! አንድ እንኳ የሚይዘኝ ላግኝ» አለችው። ተማሪ ሳለ እንቁራሪት አያያዝ ያስተማረችው እሷ ስለሆነች ዛሬም አንተ ትለዋለች።

እሱ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ክፍሉ ሊዘጋ ነው። ሁለት የመራቢያ ወቅት እንቁላሎቹ መና ቀርተዋል፤ የበላዮቹም ካለፈው ወር ጀምረው የጋዙን ቧንቧ ዘግተውታል። የመጨረሻ ቃላቸው ይህ ነበር፦ የዛሬው እንቁላል ዘር ከያዘ ክፍሉ ይቀጥላል፤ ካልያዘ ሰኞ ቁልፉ ይመለሳል፤ ኦብዱሊያም ጡረታዋን ይዛ ትሰናበታለች።

የእንቁራሪቷን ሆድ ስትጫነው እንቁላሎቹ በዝልግልግ ተጠቅልለው ወረዱ፤ አንድ ጎናቸው ጥቁር፣ አንድ ጎናቸው ነጣ ያለ። ግማሹን በመስታወት መምጠጫ እየሳበች አንደኛው ሳህን ላይ አኖረች። እጇ ሲዝል የቀረውን በቀጥታ ሁለተኛው ሳህን ላይ አፈሰሰችው። ከዚያ በሁለቱም ላይ ከወንዱ እንቁራሪት የተወሰደውን ያንኑ ዘር አንጠባጠበች።

ዘር ያላገኘ እንቁላል ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ እንደ ወደቀ ይቀራል፤ የአንዱ ጥቁር ወደ ጎን፣ የሌላው ነጭ ወደ ላይ። ዘር የነካው ግን ገላው ይለወጣል። ጥቁሩ ጥቂት ይሰበሰባል፤ ስስ ሽፋኑ ከላዩ ይላቀቃል፤ በመካከል ውሃ ይገባል። ያኔ እንቁላሉ ነፃ ወጥቶ ከባዱን ነጭ ጎኑን ወደ ታች አውርዶ በዝግታ ይዞራል።

በሃያ ደቂቃው አንደኛው ሳህን ከዳር እስከ ዳር ጠቆረ።

«ዞሩ! ኧረ ሁሉም ዞሩ!» ፋውስቲኖ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ።

«ሁለተኛው እንደ ዝንጉርጉር ዶሮ ነው» አለች ኦብዱሊያ።

«ይተዉት እሱን! አንዱ ይበቃናል።»

እሷ ግን መምጠጫውን እያየች ነበር። በየማለዳው የመምጠጫ አፍ በእሳት አለስልሳ ሥራ መጀመር ልማዷ ነው። ጋዙ ከተዘጋ ወዲህ እሳት የለም፤ ዛሬ ያነሣችው አሮጌውን ነበር። ጣቷን በአፉ ዙሪያ አሳለፈች። ጠርዙ ተሸርፏል።

ገባት። እንቁላል ዘር ሳያገኝ ጭረት ብቻ ቢነካውም ይታለላል፤ ሽፋኑን ያላቅቃል፣ ይዞራል፣ እንግዳ እንደ መጣለት ሁሉ ራሱን ያሰናዳል። ለሁለት መከፈል ግን አይሆንለትም። መምጠጫው ያልነካው ሁለተኛው ሳህን አልዞረም። እንግዲያው ዘሩ ከመነሻው የሞተ ነበር።

«ልደውልላቸው!» አለ ፋውስቲኖ።

«ሦስት ሰዓት ያህል ታገሥ። ሲከፈሉ አይተን ትደውላለህ።»

«ኧረ ዶኛ! ከዞሩ አለቀ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«በባዶ ሆድ ምሥራች አይነገርም። ሂድ ብላ!»

ሄደ። ከተማው በቀትር ሙቀት መዝጊያውን ዘግቶ ተኛ። ኦብዱሊያ ወንበሯን ወደ አንደኛው ሳህን አስጠጋች።

በሃያ ስድስት ዓመቷ ለሸንኮራ ቆረጣ መጥቶ የሄደ ኤሊሴዮ የሚባል ሰው «ለገና እመጣለሁ» የሚል የአንድ መስመር ደብዳቤ ልኮላት ነበር። ግድግዳዋን ኖራ ቀባች፤ አንሶላ ጠለፈች፤ ጎረቤቶቿም መልኳ እንኳ ተለውጧል ይሏት ነበር። አልመጣም። አንሶላው ዛሬም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ማንም ሳይተኛበት በእጥፋቱ ላይ አርጅቷል።

እንቁላሎቹ ጥቁር ግንባራቸውን ወደ እሷ አቅንተው ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ሙሉ፣ ሁሉም የተዘጋጀ። ሰዓቱ ደረሰ፤ አለፈም። በአንዱም ላይ ስንጥቅ አልታየም።

ፋውስቲኖ በወረቀት የተጠቀለለ ኤምፓናዳ፣ ትኩስ የሥጋ ሳምቡሳ፣ ይዞ ተመለሰ። «ለድሉ!» ሲል መምጠጫውን ሰጠችው።

«ጣትህን አፉ ላይ አሳልፍ። ቀስ ብለህ፣ እንዳይቆርጥህ።»

አሳለፈ። ሳህኑን አየ፤ ወረቀቱን አስቀመጠ። «ጠዋት አውቀው ነበር አይደል? ለምን አልነገሩኝም?» አላት።

«ሦስት ሰዓት እንኳ አብሬያቸው ልቀመጥ ብዬ ነው።»

ፋውስቲኖ ሊደውል ወደ ላይ ወጣ። ኦብዱሊያ መዝገቡን ከፍታ ቀኑንና የውሃውን ሙቀት ጻፈች፤ ከሥሩም «ዞረዋል፤ አልያዙም» ብላ አሰፈረች። ሳህኖቹን አጠበች። ከዚያ ወደ እንቁራሪቷ ገንዳ ሄዳ አመልካች ጣቷን አፏ አጠገብ አቀረበች፤ ቆየች።

እንቁራሪቷ አልነከሰቻትም።