የሚያቃስተው በርሜል

ይሄ የሆነው ባጃጅ ቦንጋ በገባ ሰሞን ነው። ፊደል ስላልቆጠርኩ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ ሰው አስቄ ነው ውዬ የማድረው፤ ይሄን ሳወራ ግን እኔው ራሴ ይበርደኛል።

ገበያው አጠገብ ሻይ ቤት አለኝ። ያኔ ውሃ የማፈላው ቧንቧ በተበየደለት የብረት በርሜል ነው፣ ከሥሩ እሳት ይነዳል። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ አይደል! ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው ፍል ውሃ በአህያ ማስመጣት ጀመርኩ። ለብ ብሎ ስለሚደርስ እንጨት ይተርፍልኛል። "እማማ፣ ሻዩ ምን ምን ይላል?" ሲሉኝ፣ "ለወገብ ነው፣ ዝም ብለህ ጠጣ!" እላለሁ።

ክረምቱ ሲወጣ በርሜሉ ማቃሰት ጀመረ። እንደ በሽተኛ ሽማግሌ "እህህህ" ይላል፤ ቆይቶ ደግሞ ከውስጥ ሰው ያለ ይመስል ኳ ኳ ያደርጋል። ጎረቤቴ አሰፋ፣ ጴንጤ ነው፣ ከአፉ ውሸት አይወጣም፣ "እማማ፣ ይሄ ነገር ደግ አይደለም" አለኝ። ሌሎቹ የፍል ውሃው ባለቤት፣ መንፈሱ፣ ተቆጥቶ ነው አሉ።

"ባለቤቱ ወንድ ከሆነ ይምጣ፣ እኔም ባል የለኝ!" ብዬ አሳቅኳቸው።

አንድ የገበያ ቀን ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ፣ አሰፋም ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በርሜሉ ድንገት ጸጥ አለ። እሳቱ ይነዳል፣ ከውስጥ ግን ትንፍሽ የለም። ፀጉሬ ቆመ። ውጡ ብል ማን ይሰማኛል? ቀልዷን ነው ይሉኛል። "እባብ! ወንበሩ ሥር እባብ!" ብዬ ጮህኩ።

እየተረጋገጡ ወጡ። እኔም ነጠላዬን ጥዬ ተከተልኳቸው። ደጃፉን እንደለቀቅን በርሜሉ ፈነዳ። አግዳሚዎቹ ላይ የፈላ ውሃ ዘነበ። እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልተነካም።

በያጁ መጥቶ በርሜሉን ሲቀደው ውስጡ ሌላ በርሜል ተቀምጧል፤ ነጭ፣ የድንጋይ።

"ይሄ ውሃ ድንጋይ ይዞ ነው የሚመጣው" አለኝ። "ውሃው ተንኖ ሲሄድ ድንጋዩ ብረቱ ላይ ይጋገራል። ከዚያ ሙቀቱ ወደ ውሃው አያልፍም፣ እሳቱ ብረቱን ይበላዋል። ሲያቃስት የነበረውም ከድንጋዩ ሥር የታፈነ እንፋሎት ነው፤ መውጫው ሲደፈን ጸጥ አለ፣ ከዚያ ፈነዳ።"

ይሄ ገባኝ። ያልገባኝ ሌላ ነው።

በማግስቱ አሰፋ መጣና "እማማ፣ ያ ነጭ እባብ እኮ በእግሬ መሃል ነው ያለፈው" አለኝ።

"የፈጠርኩት ነው አንተ ሞኝ!" ብዬ ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም። እኔ ደግሞ እባብ አልኩ እንጂ ነጭ ነው አላልኩም።

አሁን የማፈላው የወንዝ ውሃ ነው። አሰፋ ዛሬም ሊጠጣ ሲመጣ እግሩን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ነው የሚቀመጠው። እስቅበታለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን እኔም እሰቅላለሁ።