እሜቴን የያዘው ነጭ ክር

አንድ ሽማግሌ ውሻዬን ይሰርቁብኛል ብለው ሲሰጉ ሰፈር ሙሉ ሰው ምን ያደርጋል? ይስቃል። እኛም ሳቅን። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ሁላችንም ከንፈር መጣጭ ሆነን ስለተገኘን ነው። ከንፈር መምጠጥ ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ሽማግሌው ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትር ከአንገታቸው ስለማይለይ ጋሽ ሜትር እንላቸዋለን። ሱቃቸው በሩ ሲከፈት ግማሹ የሚያልቅ ጠባብ ክፍል ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ የተጻፈ የሰው ሁሉ ወገብና ትከሻ። ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ የሞላ ካርቶን አለ። እሜቴ የምትተኛው እዚያ ነበር።

እሜቴ ትንሽ ነጭ ውሻ ናት። ስሙን ያወጡላት የጋሽ ሜትር ሚስት ናቸው። "አቀማመጧን አያችሁ? እሜቴ ናት እንጂ ውሻ አይደለችም" ይሉ ነበር። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ይዘዋት የሚወጡትም እሳቸው ነበሩ። ባለፈው ዓመት ሞቱ። በቀብሩ ማግስት አሥር ሰዓት ሲሆን ውሻዋ ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ጋሽ ሜትርም አርባ ዓመት ፔዳል የረገጠ ጉልበታቸውን እያሻሹ ተከተሏት።

ከዚያ ወዲህ ከሱቁ የሚወጡት በእሷ ምክንያት ብቻ ሆነ። ዳቦ የሚገዙት፣ ፀሐይ የሚያዩት፣ ሰው ሰላም የሚላቸው በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። ልጃቸው ከሌላ ከተማ ደውላ "አባዬ፣ ውሻዋን ለሰው ስጣትና እረፍ" ብትላቸው፣ "እኔንስ ለማን ትሰጪኛለሽ?" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከሁለት ወር በፊት የውሻ ሌቦች ሰፈራችን ገቡ። የሚፈልጉት ትንንሾቹን ነው፤ ወስደው ይሸጧቸዋል ተባለ። የዳቦ ቤቱ ውሻ ሄደ፣ የመምህሩም ሄደ። ግራጫ ሚኒባስ አየሁ የሚል ነበር። ጋሽ ሜትር እንቅልፍ አጡ። ሲወጡ እሜቴን በግንቡ በኩል አድርገው፣ ገመዱን ክንዳቸው ላይ ሦስቴ ጠምጥመው ነው። ከኋላቸው ሰው ከመጣ ጫማ እንደሚያስር ጎንበስ ብለው ያሳልፉታል።

ፊት ለፊታቸው ያለው ጸጉር አስተካካይ ሥራው ሁለት ነው፤ ሰው መላጨትና ሰው በነገር መነካካት።

"ጋሽ ሜትር፣ ዛሬም ያለ አጃቢ ወጡ?"

"ሳቅ፣ ሳቅ። ያንተን ምላጭ የሚሰርቅ የለ፤ እሱ እንደሁ አይቆርጥ።"

"እኔ ሌባ ብሆን እሷን ትቼ እርስዎን ነበር የምወስድ። ሱሪ ይሰፉልኛል።"

"እኔን ብትወስድ በሳምንቱ ሰልችተህ ትመልሰኛለህ። እሷን ግን የሚመልሳት የለም።"

ወንበሩ ላይ ፊቱ በሳሙና የተለበጠው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ። እኔም በዚያ ሳልፍ ነበር፤ ሳቅሁ።

አንድ ቀን ሌቦቹ የአንገት ቀበቶ በመቀስ እየቆረጡ እንደሚወስዱ ሰሙ። የጭነት መኪና ሸራ ፈልገው፣ ደረቷንና ሆዷን የሚያቅፍ፣ መቀስ የማይበግረው ማሰሪያ ሊሰፉላት ተነሡ። ጋሽ ሜትር ግን ያለ ፕሮቫ ምንም ሰፍተው አያውቁም። ልብሱ መጀመሪያ በነጭ ክር፣ በእጅ፣ ሰፋ ሰፋ ተደርጎ ይያያዛል፤ ባለቤቱ ለብሶት ልኩ ይታያል፤ በስፌት መኪና የሚሰፋው ከዚያ ወዲያ ነው። ነጩ ክር አንዴ ሲስቡት እንዲወጣ ሆን ተብሎ የላላ ነው። ደንበኛ የፕሮቫ ልብስ ለብሶ ወደ በሩ ከተጠጋ "ወዴት ነው? በነጭ ክር መንገድ አይወጣም" ብለው ይቆጣሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የሄድኩት ያሰፋሁትን ኮቴን ልቀበል ነበር። የምሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ባለበት ስብሰባ ተነሥቼ በግፍ ስለተባረሩት ባልደረቦቼ ልናገር አስቤያለሁ። ስገባ እሜቴ በነጭ ክር የተያዘ ማሰሪያዋን ለብሳ ጠረጴዛው ላይ ቆማለች። የኮቴ እጅጌ ገና አልተገጠመም።

"ጋሼ፣ ኮቴስ?"

"ይቺን በመኪናው ላሳልፍላትና ወዲያው እሰጥሻለሁ፣ ልጄ።"

"ውሻ ቀጠሮ የላትም። እኔ ነገ ስብሰባ አለኝ። ሰው ይቀድማል።"

ሰው ይቀድማል አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፤ ስለ ግፍ ልናገር የተዘጋጀሁት። አልተከራከሩኝም። ማሰሪያውን እንደለበሰች አውርደዋት የእኔን እጅጌ መግጠም ጀመሩ።

እጅጌው ሲያልቅ አሥር ሰዓት ሆነ። እሜቴ በሩ ላይ ቆማለች። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ሲሰፋ የዋለ ዐይን ምን ያያል? ገመዱን በአዲሱ ማሰሪያ ቀለበት አስገብተው "ካውያው እስኪግል መጣሁ" ብለውኝ ወጡ። እኔም ነጩን ክር አላስታወስኳቸውም፤ ኮቴን እያየሁ ነበር።

ግራጫው ሚኒባስ ጸጉር ቤቱ አጠገብ ቆመ። ንጹሕ የለበሰ ጎልማሳ ወረደ።

"ይቅርታ አባት፣ መድኃኒት ቤቱ በየት በኩል ነው?"

ሁለት ወር ጥላቸውን ሲጠረጥሩ የኖሩ ሰው፣ በአክብሮት መንገድ ሲጠየቁ እጃቸውን አንሥተው ማሳየት ጀመሩ። የኋላው በር ተከፈተና አንድ እጅ እሜቴን ጨምድዶ ጎተታት። ጋሽ ሜትር አልለቀቁም። ገመዱም አልተበጠሰም። ነጩ ክር ግን እንደ ሥራው አደረገ። ማሰሪያው ተተርትሮ ክንዳቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ጸጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ፣ እኔ ሱቁ በር ላይ እንደቆምኩ ሚኒባሱ ሄደ። ታርጋውን ያየ የለም።

ፖሊስ ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ።

"ማን ጠፋብዎት?" አለ ተረኛው ብዕሩን አንሥቶ።

"እሜቴ።"

"ዕድሜ?"

"ዘጠኝ። ውሻ ናት።"

ብዕሩን አስቀመጠው። "አባቴ፣ እዚህ የሰው መዝገብ ተቆልሎብናል። ሰው ይቀድማል።"

ምን ብዬ ልቆጣው? የእኔው ቃል ነው።

ስብሰባውም ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል ተባለ፤ ሥራ አስኪያጁ ጊዜው አልተመቸውም። ኮቱ ቤቴ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

ጋሽ ሜትር ከዚያ ወዲህ አይወጡም። ዳቦ የሚያደርስላቸው ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ በሩን ገፋ አድርጎ አስቀምጦ፣ ሳይነካካቸው ይመለሳል። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ልጠይቃቸው ገባሁ። ካርቶኑ ከነቁርጥራጩ እዚያው ነው። ማሰሪያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ በስፌት መኪና፣ አራት መስመር፣ ጥርስ እንኳ የማይፈታው ሆኖ ተሰፍቷል።

"አሁን ምን ያደርጋል ጋሼ?"

"ጀምሬ የተውኩት ሥራ የለኝም።" ከመኪናው ቀና ሳይሉ ነው የመለሱልኝ። ቀጥለውም "ስብሰባሽስ?" አሉ። "ተናገርሽ?"

አፍ የላትም ተብዬ አላውቅም። ዐይኔን ከማሰሪያው ላይ ሳልነቅል መለስኩላቸው።

"ተናገርኩ፣ ጋሼ።"

"ሰሙሽ?"

"ሰሙኝ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሁን" አሉ። "ከሁለቱ አንዱ እንኳ በጊዜው ደርሷል።"