የዱቄት ምሳና ሦስተኛው እንጀራ

ሐኪሙ ጉልበቴን የሚቀይርልኝ ሠላሳ ፓውንድ፣ አሥራ አራት ኪሎ ያህል፣ ከቀነስኩ ብቻ እንደሆነ ሲነግረኝ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። እሷ ከክሊኒኩ ሳንወጣ በስልኳ በምግብ ፋንታ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት አዘዘችልኝ። ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ቀን አንድ ብርጭቆ፣ ማታ ብቻ ምግብ።

«እማ፣ ጀስት ትራይ ኢት፣ ሞክሪው ብቻ» አለችኝ።

የምኖረው ኮሎምቢያ ሃይትስ የሚባል ከተማ ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ውስጥ። ክረምት ደረጃውን የምወርደው እንደ ሕፃን በቂጤ ሊሆን ምንም አልቀረኝም። ስለዚህ ሞከርኩ።

ይህን መጠጥ ከልጄ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ። ክሪስታል በምትባል ጎረቤት ከተማ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ የምናጠጣው መብላት ላቆሙ ሰዎች ነበር፣ ክብደት እንዲጨምሩ። ቸኮሌቱንና ቫኒላውን ይዤ ከአልጋ አልጋ ዞሬያለሁ። አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ጠርሙሱን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «ይሄ ምግብ አይደለም» ትለኝ ነበር። አስቸጋሪ ናት ብዬ መዝገቧ ላይ ጽፌባታለሁ። ዛሬ ይቅርታ ብጠይቃት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ከሞተች ቆየች።

ጥሩውን ልናገር። አላበስልም። ቆሜ ሽንኩርት አልከትፍም፣ ለታመመ ጉልበት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስንት በላሁ እያልኩ አልገምትም፤ ከረጢቱ ላይ ተጽፏል። ደግሞ ዱቄት ዓይን የለውም። ሲበላ በሰው ዓይን የተቆጠረበት ሰው የምለው ይገባዋል።

እዚህ አገር መጥቼ መጀመሪያ ያረፍኩት ፊሊፕስ ሰፈር፣ የባሌ ታላቅ እህት ቤት ነው። ፊት ለፊት እትዬ እላታለሁ፣ እርስዎ እላታለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን እርስዎ ልላት አልችልም። የሰባት ወር እርጉዝ ነበርኩ። አንድ እሑድ እንግዶች ባሉበት እንጀራ ሳነሳ፣ «ሦስተኛው ነው እኮ! ይቺ ልጅ መንታ ነው እንዴ የተሸከመችው?» አለች። ሁሉም ሳቁ። ባሌም ሳቀ። እሱን በሌላ ምክንያት ፈታሁት፤ ምክንያቱን አልጽፍም። ያ ሳቅ ግን አልወጣልኝም። ከዚያ በኋላ በእሷ ገበታ ላይ ከሁለት በላይ ነክቼ አላውቅም። ጓዳ ገብቼ፣ ቆሜ፣ ደረቁን የበላሁባቸው ቀኖች ነበሩ።

መጥፎውም ይጻፍ። ዱቄቱ ሆድ ያደርቃል። ጥርስ ሥራ ይፈታል። በሦስተኛው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ አንድ ሰው የተጠበሰ ድንች ይዞ ገብቶ፣ እሱን ሳሸት መውረጃዬን አልፌ ሄድኩ። ደግሞ ከሰው ይለያል። ቅዳሜ ምሳ የሚጠሩኝ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ ጠርሙሴን ይዤ ሁለት ጊዜ ከተቀመጥኩ በኋላ መጥራቱን ተዉት። አልፈርድባቸውም። የማትበላ ሴት ፊት መብላት ደስ አይልም። የክሊኒኩ ነርስ ደግሞ ዱቄቱን ስተወው ክብደቱ ሊመለስ እንደሚችል ነግራኛለች። መጠጣት እንጂ መብላት የሚያስተምር ነገር የለውም።

በአራተኛው ወር የባሌ እህት የልጅ ልጇን ክርስትና አስነሳች። ልጄ ለመነችኝና ሄድኩ። ገና ከመቀመጤ እትዬ ዶሮ ወጡን ጠቅልላ ፊቴ ቆመች።

«እንቺ፣ አፍሽን ክፈቺ።»

«ተከልክያለሁ እትዬ።»

«ማነው የከለከለሽ?»

«ሐኪም።»

«ሐኪምሽ ዶሮ ወጥ ቀምሶ ያውቃል?»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እንደ ድሮው። እኔ ከቦርሳዬ ጠርሙሴን አወጣሁ፣ ነቀነቅኩት፣ እያየችኝ እስከ መጨረሻው ጠብታ ጠጣሁት። ሳቁ ቆመ። እጇ ከነጉርሻው አየር ላይ ቀረ፤ ጅማቱ ወጥቷል፣ አርጅታለች። ወዲያ ወዲህ አየችና ራሷ ጎረሰችው። ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት ቀን ነበር። አፌ ውስጥ የቀረው ግን ያው ቫኒላ ነው።

በአምስተኛው ወር ሚዛን ላይ ወጣሁ። ሠላሳ አንድ ፓውንድ ቀንሻለሁ። ነርሷ አጨበጨበችልኝ፣ የኦፕሬሽኑም ቀጠሮ ተያዘ። ከዚያ፣ «የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት አብሮዎት የሚያድረው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሰው ከሌለ ቀጠሮው ይሰረዛል።

ልጄ ሁለት ሕፃናት አሏት፤ የሥራ ፈቃዷን በእነሱ ጉንፋን ጨርሳዋለች። ምሳ ይጠሩኝ የነበሩት ሴቶች አንዷ ቀን ከሌት ታክሲ ትነዳለች፣ ሌላዋ ሁለት ሥራ አላት። ደግሞ አሁን በምን አፌ? ጊዜ ያላት አንድ ሰው ብቻ ናት። ሦስት ቀን ስልኩን እያየሁ ዋልኩ፤ በአራተኛው ለእትዬ ደወልኩ።

«እመጣለሁ እንጂ!» አለች ሳልጨርስ። «የኔን ክፍል ማሞቂያ ብቻ ከፍ አድርጊልኝ። ያንን ጭቃሽን ግን አልበጠብጥልሽም፣ ከአሁኑ ልንገርሽ። ምን ልሥራልሽ? ምን ትበያለሽ?»

ምን ትበያለሽ ብላኝ አታውቅም።

«እንጀራ» አልኳት። «ሦስት ሙሉ እንጀራ እትዬ። አንዴ ቁጭ ብዬ።»

ከበስተጀርባዋ ሲያወራ የነበረውን ቴሌቪዥን ስታጠፋው ሰማሁ። ያንን እሑድ ረስታው ይሆናል ብዬ ሁልጊዜ እፈራ ነበር፤ አልረሳችም።

«ሦስት» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «እሺ፣ ሦስት አቀርባለሁ።»

ከአምስት ወር ዱቄት በኋላ አንዱን እንኳ እንደማልጨርስ አልነገርኳት። ታቅርብልኝ።